የአልማዝ ቤት

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ላፕቶፗን በዘንቢል ይዛ ቤቴ መጣች። ቀልድ አይደለም። ያን ሰሞን ሶዶ ላይ ዝናቡ ሳይታሰብ ነበር የሚወርደው፤ ልጅቱ ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከላዩ ጎመን ጣል አድርጋበት፣ ከመናኸሪያው እስከ እኛ ሰፈር ዳገቱን በእግሯ ወጥታዋለች። ጎመኑ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "ለሌባ ነዋ!" አለችና ሳቀች። ወዲያው ወደድኳት።

"ጋሼ፣ ፕሮፖዛል ያያሉ ተብዬ ነው የመጣሁት" አለች።

ከድርጅት ሥራ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ እንዲህ እየተባሉ የሚላኩብኝ ወጣቶች ግን አይጠፉም። እሷና ጓደኞቿ አረካ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ወላድ እናቶችን እንርዳ ብለው ማኅበር አቋቁመዋል። ለውጭ ለጋሾች ደጋግመው ጽፈው ደጋግመው ተመልሰዋል። ሚስቴ ቦዬ የሚባለውን የአገራችንን ሥራ ሥር ቀቅላ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ከዳጣ፣ ጋር አቀረበችልን። እየበላን የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅኳት፤ እኛ አገር ይህ ሳይጠየቅ ሥራ አይጀመርም።

"አልማዝ እባላለሁ። ከአረካ በላይ ነው ያደግኩት፣ ከወንዙ ማዶ" አለች። "አልማዝ የተባልኩት በተወለድኩበት ቤት ስም ነው። የእናቶች ማቆያው፣ የአልማዝ ቤት የሚሉት፣ ያውቁት እንደሁ እንጃ። እኛ ክፍል ውስጥ አልማዝ ከመብዛቷ የተነሳ መምህሩ በአባታችን ስም ነበር የሚጠራን።"

"አልማዝ ማን ነበረች?" አልኳት፤ የምትለውን ለመስማት።

"እኔ እንጃ። ከእኩዮቼ ማንም አያውቅም፤ ትልልቆቹም አይነግሩንም። ፈረንጅ ናት የሚሉም አሉ።"

ቦዬው እጄ ላይ ቀረ። ማንም አያውቅም አለች። እኔ ግን አውቃለሁ። አልማዝ የምትባል ሴት አልነበረችም፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለማን እንዳወጣሁትና ለምን እንዳወጣሁት ከመናገሬ በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ የምኩራራ፣ ሸሚዜን ሳልተኩስ የማልወጣ ጎረምሳ ነበርኩ። ሲስተር ማርታም የቀጠሩኝ ለዚሁ እንግሊዝኛዬ ነው። ሲስተር ማርታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዋልዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። አጭር፣ ቁጡ፣ ጭቃ ላይ የወንድ ቦት ጫማ አድርገው የሚገሰግሱ ሴት። ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው ሲል ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅት ስላችሁ እሳቸውና እኔ ነን። ቢሮው ከአንድ የቆርቆሮ ሱቅ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጣራው ስለሚጮህ ወሬያችንን አቁመን እስኪያባራ እንተያያለን።

"እኔ የተማርኩት ማዋለድ ነው፤ ልመና አልተማርኩም" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። "ልመናውን ለአንተ ሰጥቻለሁ።"

የምንለምነው ለአንዲት ቤት ነበር። ከአረካ ወደ ላይ ሲወጣ ጤና ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ መንደሮቹ ደግሞ ከወንዙ ወዲያ። በጋ ላይ ወንዙን ልጆች እየዘለሉ ይሻገሩታል። ክረምት ሲሆን ግን ደፍርሶ፣ ቀይ ሆኖ፣ የእንሰት ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ ወንዙ ዳር ትደርስና ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነው። አንዳንዷ ትጠብቃለች፤ አንዳንዷ አትጠብቅም። የሲስተር ማርታ ሐሳብ፣ ሴቶቹ ቀናቸው ሳይደርስ ተሻግረው የሚያርፉበት ቤት በጤና ጣቢያው ግቢ ይሠራ የሚል ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ለሕፃን ልጅ ብትነግሩት ይገባዋል። ለለጋሽ ግን እንዲህ ተብሎ አይነገርም። ዋና ዓላማ አለ፣ ዝርዝር ዓላማ አለ፣ አመላካች የሚሉት አለ፣ የስጋት ትንተና አለ። እኔ ያን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስቀምር ሲስተር ከጎኔ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

"ወንዙን ጻፍከው?"

"ጽፌዋለሁ፣ ሲስተር።"

"ቃሬዛውንስ?"

"እሱንም ጽፌዋለሁ።"

"ታዲያ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?"

መልሱ የሚመጣው በኢሜይል ነው፤ ኢሜይል ለማየት ደግሞ ቴሌ ድረስ ሄዶ ወረፋ መያዝ ነበር። "እናዝናለን" የምትለዋን ቃል ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ መለየት ለመድኩ። ወደ ቢሮ ስመለስ ሲስተር ፊቴን አይተው ያውቁታል። "በል፣ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍላቸው። ምን እንደጎደለንም ጠይቃቸው" ይሉኛል።

"ለከለከሉን ደግሞ ምን ምስጋና አለ?"

"አንብበውናል እኮ! አንተን ሌላ ማን ያነብሃል?"

ከዚያ ከመሳቢያቸው የተቀቀለ ስኳር ድንች ያወጡና ከሁለት ገምሰው ግማሹን ይሰጡኛል። አመዳም ልጣጩን እየላጥን እንበላለን። እስከ ዛሬ ስኳር ድንች ስበላ እናዝናለን የምትለው ቃል ትታወሰኛለች።

ለምስጋናችን አብዛኞቹ መልስ አይሰጡም። አንዱ ግን "ሕዝቡ ከራሱ ምን ያዋጣል?" ሲል መለሰ። ሲስተር ማርታ በማግሥቱ ወንዙን ተሻግረው ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው። ሕዝቡም ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ ልጦ፣ ተሸክሞ አምጥቶ በጤና ጣቢያው ግቢ ከመረው። ገንዘቡ ሳይመጣ እንጨቱ መጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ባለፍን ቁጥር ያ ክምር ከፊታችን ነበር። ልጆች ተጫወቱበት፣ ዶሮ እንቁላል ጣለችበት፣ ምስጥ ጀመረው። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ቀን እንኳ "የታለ ያላችሁት?" ብለውን አያውቁም። ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ለጋሽ መጥቼ በዓይኔ ልይ አለ። ሲስተር ማርታ ደስ ሲላቸው ይቆጣሉ፤ ያን ሳምንት ሲቆጡ ሰነበቱ። ሸሚዜን ተቆጡ፣ የወንዙን ድንጋይ ተቆጡ። ክረምቱ ሊወጣ፣ ዓመት በዓላችን ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አደይ በየአጥሩ ሥር ብቅ ብቅ ብሏል፤ መንገዱ ገና አልደረቀም፤ ዳሞታ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉሙን ለብሶ ያረፍዳል።

እንግዳው ረጅም፣ ትሑት፣ ጭቃ የማይፈራ ፈረንጅ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወንዙን ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ፣ ወይ ጉድ! ሕዝቡ ተሰልፎ ይጠብቀናል። እናቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን እያጨበጨቡ ይዘምራሉ። መሬቱ ላይ የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ ለጊፋታ ያጠራቀሙት ቅቤ ያን ቀን ተከፍቶ፣ ከእንሰት የሚሠራው ሙቿ በቅቤ ርሶ ቀረበ። ጥሬ ሥጋው በዳጣ ቀረበ። እንግዳው ዳጣውን ጠቅሶ ጎረሰና ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም እያለቀሰ ሳቀና ደገመ።

ሲያስተናግድ የነበረው ሻንካ ነው። ሻንካ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ለቤቱ ሥራ የተመረጠው ኮሚቴ አባል ነበር፤ እንጨቱን ያስቆረጠውም እሱ ነው። በመጣን ቁጥር ወንዙ ዳር ቆሞ ሲስተርን እጃቸውን ይዞ ያሻግራቸዋል። ሚስቱ እርጉዝ እንደነበረች እናውቃለን። ሲስተር ከሴቶቹ መሐል በዓይናቸው ሲፈልጓት ነበር። ሻንካ ያን ዕለት ባርኔጣ አድርጎ፣ ሣህኑን እየሞላ፣ "ጨምርለት፣ አልበላም" እያለ ወዲህ ወዲያ ይላል።

ከምግቡ በኋላ አንድ ሽማግሌ ሊጸልዩ ተነሡ። እኛ ዘንድ ወንድ ሲጸለይ ባርኔጣውን ያወልቃል። ሁሉም አወለቁ። ሻንካ አላወለቀም። ሲስተር ማርታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸልየው አያውቁም፤ እሳቸው ወደሚያዩበት ሳይ እኔም አየሁት። ከባርኔጣው ጠርዝ በታች ጭንቅላቱ እንደ ሐዘንተኛ አዲስ ተላጭቷል።

አሜን እንደተባለ ሲስተር ክንዱን ይዘው ከአንዱ ጎጆ ጀርባ ወሰዱት። ተከተልኳቸው።

"ሻንካ፣ ባርኔጣህን አውልቅ።"

አወለቀ።

"መቼ ነው?"

"ከትናንት በስቲያ። ወንዙ ዳር።"

"ሕፃኑስ?"

"አብረው ናቸው።"

ሲስተር ማርታ እንሰት መፋቂያው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከወዲያ በኩል መዘምራኑ እንደገና ጀምረዋል። "ለቅሶውስ?" አሉት፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነብኝ።

"ሽማግሌዎቹ አቆዩት። እንግዳው ሲሄድ እንቀመጣለን።"

እኔ አላስችል አለኝ። "ሲስተር፣ እንንገረው! ሰውዬው የመጣው ይህንኑ ሊያይ አይደለም እንዴ? ያውና ተቀምጧል፤ ልጥራው" አልኩ። ሻንካ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ እከራከረው ነበር።

"ወንድሜ፣ እንግዳ ነው" አለኝ። "አገር አቋርጦ ቤቴ መጥቷል። እንግዳ ፊት ሬሳ አይቀርብም።" ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀና "እሷም መለመኛ አትሆንም" አለ።

ወደ ሲስተር ዞርኩ። ያ ቤት እንዲሠራ ከእሳቸው በላይ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። "ሰምተሃል" አሉኝ። ከጄሪካኑ ውሃ ቀድተው ፊታቸውን ታጠቡና ወደ እንግዳው ተመለሱ።

እንግዳው በእኔ አስተርጓሚነት "የዚህ ሕዝብ ትልቁ ችግር ምንድን ነው?" ብሎ ሽማግሌውን ጠየቃቸው።

"ጌታ ይመስገን፣ ምንም ችግር የለብንም። ወንዙ ብቻ ነው።"

እንዳሉት ተረጎምኩለት። ሰውዬው ወደ ወንዙ ተመለከተ። ያን ቀን ውሃው ጎድሏል፤ ፀሐይ አርፎበት ያምር ነበር። አንገቱን ነቀነቀ። ሲሄድ ዶሮና ማር ተሰጠው። ተሻግረን መኪናው ዘንድ ስንደርስ ከማዶ ድምፅ ተነሣ፤ መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ መንደሩ በሙሉ።

"ይህ ደግሞ ምን ዓይነት መዝሙር ነው?" አለ እንግዳው።

"እየተሰናበቱ ነው" አሉ ሲስተር ማርታ፤ በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ እኔን ሳይጠብቁ።

መልሱ ሲመጣ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ረጅምና ፍቅር የተሞላ ነበር። በሕዝቡ ጥንካሬና ደስታ እጅግ መደነቃቸውን ጻፉ። ገንዘባቸው ግን ከዚህ የባሰ ችግር ላለበት አካባቢ መዋል እንዳለበት ወስነዋል፤ ያዝናሉ። እኔ አበድኩ። በቅቤው ተናደድኩ፣ በመዘምራኑ ተናደድኩ፣ በሻንካ ባርኔጣ ተናደድኩ። ሲስተር ማርታ "በል፣ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍ" አሉኝ። ያን ቀን ስኳር ድንች አልነበረም።

ዓመቱ ዞሮ ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻንካ ውሃ እያንጠባጠበ ቢሯችን ገባ። ሶዶ ድረስ መጥቶ አያውቅም ነበር። ሲስተር ጋቢያቸውን አለበሱት።

"ትናንት ቃሬዛ ይዤ ነበር" አለ ትንሽ ሲሞቀው። "የጎረቤቴን ሚስት። ውሃው አላሳልፍ አለን። እዚያው ቀረች።"

ሲስተር ማርታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ቃሬዛው ትከሻዬ ላይ ሆኖ አንድ ነገር አሰብኩ። ቤቱን የከለከልኩት እኔ ነኝ አልኩ።"

"ሻንካ፣ እንዲህ አትበል!"

"ጻፉት፣ ሲስተር። የእኔዋን ጻፉት።"

እንደ አጋጣሚ በዚያው ሰሞን የምንሞላው ማመልከቻ ነበረን። አዲስ ለጋሽ ነው። ከሕዝቡ መሐል የአንድን ሰው ታሪክ አምጡ ይላል፤ ታሪኩም በቅጹ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሻንካ በወላይትኛ እየነገረኝ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ምጡ መቼ እንደጀመራት፣ ማን ማን እንደተሸከማት፣ ውሃው የት ድረስ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገረኝ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ስሟ ላይ ስንደርስ መመሪያውን ነገርኩት፤ ስም ተቀይሮ ነው የሚጻፈው።

"ለምን?"

"ለእሷው ጥበቃ ሲባል ነው።"

"ከማን ነው የምትጠበቀው? ሞታለች እኮ።"

ሲስተርን አየኋቸው። እሳቸው ጣራውን ያያሉ። ዝናቡ ስለበረታ መልስ ብሰጠውም የሚሰማኝ አልነበረም። በመስኮቱ ከፊት ለፊታችን "አልማዝ ሻይ ቤት" የሚል ታፔላ ይታያል። አልማዝ ብዬ ጻፍኩና "ስሟ ተቀይሯል" ብዬ ጨመርኩ።

ዝናቡ ጋብ ሲል የጻፍኩትን ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። መሐል ላይ አቋረጠኝ። "አልማዝ ማን ናት?"

"ሚስትህ ናት። እዚህ ላይ አልማዝ ብለናታል፣ ነግሬህ አልነበር?"

"እሺ። ቀጥል።"

አንብቤ ጨረስኩ። ሻንካ የጋቢውን ጫፍ ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየ። "ሁሉም እውነት ነው" አለ። "እሷ ግን የለችበትም።"

"እንዴት?"

ያኔ መናገር ጀመረ። መዘምራን ውስጥ ስትዘምር ሁልጊዜ ከሰው ወደ ኋላ እንደምትቀር፣ ሰው ሲስቅባት "እናንተ ናችሁ የምትቸኩሉት" እንደምትል ነገረን። የአቮካዶ ፍሬ በተሰበረ ማሰሮ ደጃፏ ላይ ተክላ፣ "ይህ እስኪያፈራ አንተ ትሸብታለህ" እያለች እንደምታበሽቀው ነገረን። ቃሬዛው ላይ ሆና ምጥ ፋታ ሲሰጣት ተሸካሚዎቹን "ቀስ በሉ እንጂ! ጎደሬ ጭናችሁ ገበያ የምትወርዱ መሰላችሁ እንዴ?" ብላ አሳቀቻቸው። እየሳቁ ነበር ወንዙ ዳር የደረሱት። እንደ እሷ የሚያቃጥል ዳጣ የሚፈጭ አልነበረም። ያን ዕለት እንግዳው እያለቀሰ የበላውም የእሷን ነው። ምጡ ሳይጀምራት፣ እንግዳ ይመጣል ብላ ፈጭታ፣ ከድና ያስቀመጠችው።

ሲስተር ማርታ ተነሥተው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ።

እኔ ለመጨመር ሞከርኩ። መዝሙሩን ጻፍኩ፤ ሳጥኑ አልቀበል አለኝ። ከወንዙ ላይ ቀንሼ አቮካዶውን ላስገባ አልኩ፤ ወንዙ ከተቀነሰ ቤቱ ለምን እንደሚሠራ አይገባም። ዳጣውንም ሞከርኩት። ሻንካ ከኋላዬ ቆሞ ፊደሎቹ ሲመጡና ሲጠፉ ያያል። እንግሊዝኛ አያነብም፤ መጥፋታቸውን ግን ያያል።

"ሞልቷል" አልኩት።

"እሺ" አለ። "ይበቃል።"

ገንዘቡን አገኘን። ቴሌ ቤት ወረፋ ላይ ሆኜ "እንኳን ደስ አላችሁ" የሚለውን ሳይ መጀመሪያ ወደ ውስጤ የመጣው ደስታ አልነበረም፤ ከኋላዬ ቆሞ ፊደሎቹ ሲጠፉ ያይ የነበረው ሻንካ ነው። ለሲስተር ስነግራቸው "ተመስገን" ብለው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። የድሮው ክምር በምስጥ ስላለቀ ሕዝቡ ሌላ ባሕር ዛፍ ቆረጠ። ያስቆረጠው አሁንም ሻንካ ነው። አሮጌው ለማገዶ ሆነ።

ቤቱ ሲመረቅ ከለጋሹ በኩል አንዲት ሴት መጣች፤ መልካም ሴት ነበረች፣ እግዜር ይስጣት። ልታስደስተን ብላ ይዛ የመጣችውን ነገር በጨርቅ ሸፍና ግድግዳው ላይ አሰቅላለች። ጨርቁ ሲነሣ ከነሐስ የተሠራ ጽሑፍ ነው፦ የአልማዝ ቤት። ከዚያ ታሪኩን ከወረቀት አነበበች፤ እኔ ለሕዝቡ በወላይትኛ ተረጎምኩ። የማን ታሪክ እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። አንድም ሰው ዞሮ ሻንካን አላየውም። ንባቡ ሲያልቅ መጀመሪያ ያጨበጨበው ሻንካ ነው፤ ከዚያ ሌላው ተከተለው፣ እልልታው ቀለጠ።

ሲስተር ማርታ ሰው ገለል ሲል ጠብቀው "አስነቅለዋለሁ" አሉት።

"ተዉት፣ ሲስተር" አለ። "ሴቶቹ ይግቡበት እንጂ።"

እሳቸው ግን ለለጋሹ ጻፉ። ስሙ በመጽሔታቸው ላይ ወጥቶ ሰው ወዶታል፣ አሁን መቀየር ይከብዳል የሚል መልስ መጣ። "ሌላ ጊዜ እናስተካክለዋለን" ይሉ ነበር ሲስተር ማርታ። ሌላ ጊዜ ሌላ ማመልከቻ ነበር፣ ከዚያም ሌላ፤ እሳቸውም ያን ሳያደርጉ አረፉ።

በዚያ ቤት አርፋ የወለደች የመጀመሪያዋ ሴት ልጇን አልማዝ አለቻት። ምስጋና ነው፤ ሌላ ምን ትበላት? ሁለተኛዋም እንደዚያው አደረገች። ከዚያ ወግ ሆነ።

ይህን ሁሉ ለዘንቢሏ ልጅ ነገርኳት። ቦዬው ቀዝቅዟል። "ሰውዬው አለ?" አለችኝ። ቅዳሜ ተያይዘን ሄድን። አሁን ወንዙ ድልድይ አለው፤ ባጃጅ እየዘለለ ያልፍበታል። ሻንካ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጆቹን ለቁም ነገር አድርሷል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ደጃፉ ላይ ያለው አቮካዶ ጣራውን አልፎ ሄዷል። ሥሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

"ስምሽ ማነው?" አላት።

"አልማዝ።"

"አንቺም?" ብሎ ሳቀ። "እናትሽ ማን ናት?" ስትነግረው አወቃት። "ዕቃዋን ያሻገርኩላት እኔ ነኝ። ውሃው ሞልቶ ከርሞ ነበር ያን ዓመት። እሷ ግን ቀድማ ተሻግራ ቤቱ ውስጥ ተኝታለች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "መጀመሪያ መጀመሪያ፣ ማታ እናቶቹ ከዚህም ከዚያም 'አልማዝ!' እያሉ ሲጣሩ ልቤን ያቃጥለኝ ነበር። በኋላ ግን እያንዳንዷ ቃሬዛ ላይ ያልቀረች ሰው ናት እያልኩ መስማት ጀመርኩ። አሁን ማታ ካልተጠሩ ቅር ይለኛል።"

ልጅቱ አጠገቡ ተቀመጠች። "አባባ፣ የባለቤትዎ ስም ማን ነበር?"

ሻንካ ወዲያው አልመለሰም። የረሳ መሰለኝና ደነገጥኩ። አልረሳም፤ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።

"አስካለች" አለ። ከዚያ ዛፉን ቀና ብሎ እያየ፣ ለራሱ፣ አንድ ጊዜ ደገመው። "አስካለች።"

ስንነሣ አቮካዶ ለቅሞ ዘንቢሏን ሞላልን። "የእሷ ነው" አለ፤ "ብሉ።"

ሚኒባሱ ውስጥ ልጅቱ ላፕቶፗን ከፍታ ማመልከቻዋን ታያለች። አንድ ለጋሽ አሁንም ያችኑ ሳጥን ይጠይቃል። ሄለን የምትባል እናት ታሪክ ጽፋለች፤ አጠገቡ "ስሟ ተቀይሯል" ይላል።

"ሄለን ያልሽው አንቺ ነሽ?" አልኳት።

"አዎ። ዝም ብዬ ነው።" ላፕቶፗን ከደነችና፣ "ሰኞ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ምን ተብላ መጠራት እንደምትፈልግ ራሷ ትንገረኝ" አለች።

ትናንሽ ድርጅቶች እንዴት ነው ሳይሰለቹ የሚዘልቁት ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ደጋግሞ መጻፍ ነው እላቸዋለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ለዚያች ቤት ሲስተር ማርታ ጉልበታቸውን ሰጡ፣ ሕዝቡ እንጨቱን ሁለት ጊዜ ቆረጠ። ሻንካ የሰጠው የሚስቱ ስም ግን ተመልሶ አልተሰጠውም፤ የማንም የምስጋና ደብዳቤ ላይም አልተጻፈም። ቤቱን አልቆጭበትም። አሁንም ሴቶች ይገቡበታል፤ ይህች ልጅም ከዚያው ወጥታ ነው ኮምፒውተሯን በጎመን ሸፍና የመጣችው። የሚያሳዝነኝ የሻንካ ሚስት ናት፤ ዳጣዋ፣ መዝሙሯ፣ ቀልዷ። በቤቷ ግድግዳ ላይ የሻይ ቤት ስም ተሰቅሎ ይኸው ይህን ያህል ዘመን ኖረ።

ማታ ቤት ስገባ አቮካዶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ሚስቴ አንዱን አንሥታ በእጇ መዘነችው።

"ውይ፣ ሲያምር! ከማን ነው?"

"ከአስካለች" አልኳት።